አምባሰል ማን አለሽ?

ዛሬ ስልኬ «ማይክሮፎንዎን እንድጠቀም ይፈቅዳሉ?» ሲለኝ እጄ ቀጥ አለ።

ሙዚቃ የምትማረው የእህቴ ልጅ የጆሮ መለማመጃ መተግበሪያ ጭናልኝ ነው። ድምፅ ያሰማችኋል፣ እናንተ ምን እንደሆነ ጮክ ብላችሁ ትናገራላችሁ፣ ስትሳሳቱ ያርማችኋል።

«አክስቴ፣ ካልሰማዎት እንዴት ያርምዎታል?» አለችኝ። እምቢ አልኳት።

በደርግ ጊዜ ንፋስ መውጫ የቀበሌ ኪነት ውስጥ ነበርኩ። አሠልጣኛችን ክራሩን በካሴት ቀድቶ ይሰጠናል፤ እኛ ቤት ወስደን እያዳመጥን «ይሄ ባቲ፣ ይሄ አምባሰል» እያልን ቅኝት መለየት እንለማመዳለን።

አንድ ቀን የቀበሌ ጥበቃ በመስኮት ሰማኝ። ክራር ይሰማል፣ ዝም ይላል፣ ከዚያ እኔ «አምባሰል» እላለሁ። አምባሰል የወሎ አገር ስምም ነውና የምስጢር መልእክት መሰለው። (ጆሮው ከእኔ ይልቅ የሠለጠነ ነበር።)

አሠልጣኛችንን አሰሩት፤ እኔንም ጠሩኝ።

«አምባሰል ማን አለሽ?» አለኝ የቀበሌው ሊቀመንበር።

«ማንም የለኝም። የቅኝት ስም ነው።»

አላመነም። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞረና አሠልጣኛችንን ክራር አስደረደረው። ሁሉንም ለየሁ።

«ተዘጋጅታችሁበት ነው» አለና ክራሩን ተቀብሎ ራሱ ነካካው።

«ይሄ ምንም ቅኝት አይደለም» አልኩ።

«ሸምድዳ ቢሆን አንዱን ስም ትጠራ ነበር» አለ በመጨረሻ።

አሠልጣኛችን ተፈታ። ካሴቱን ግን አስቀሩት። ከዚያ በኋላ የሚያስተምረን በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ፣ «አምባሰል»ን በሹክሹክታ እየጠራ ነበር።

በኪነት ያለፋችሁ፣ እናንተንስ በምን ጠረጠሯችሁ? እስቲ ጻፉልኝ።