ሰባት ሲሉኝ ስድስት ያቀበልኩባቸው ዓመታት

ጎልፍ ሜዳ ሥራ የጀመርኩ ዕለት የካዲዎች አለቃ ጋሽ በየነ ከላይ እስከ ታች አዩኝና ጫማዬ ላይ ሲደርሱ ሳቁ። የቆዳ ጫማ አድርጌ ነበር የሄድኩት፤ ሌላ ስላልነበረኝ ነው። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ላፍቶ የነበረው የአባቴ የጤፍ ማሳ ኮንዶሚኒየም ከተሠራበት ሁለት ክረምት አልፎ ነበር።

ጋሽ በየነ ሥራውን ቆመው አስረዱኝ። ካዲ የጎልፍ ተጫዋች ቦርሳ ይሸከማል። ከዱላዎቹ ውስጥ ጫፋቸው ብረት የሆነው አይረን ይባላሉ፤ ቁጥርም አላቸው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ኳሱ ይርቃል። ተጫዋቹ ቁጥር ይጠራል፣ አንተ ታቀብላለህ። ኳሱ የወደቀበትን ቦታ ከዓይንህ አታጥፋ፤ ሰው ሊመታ ሲል ዝም በል። ጀማሪ ሦስተኛ ደረጃ ካዲ ነው። እኔ አንደኛ ደረጃ ለመድረስ ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል።

አንደኛ ደረጃ እንደሆንኩ እትዬ ሰብለ ቋሚ ደንበኛዬ ሆኑ። ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። መጀመሪያ ቀን «ማዳም» ብላቸው ፊታቸውን አጨፈገጉና እትዬ በለኝ አሉኝ። ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት፣ ጤዛው ሳይደርቅ፣ ሁለታችን ብቻ እንሄዳለን። ወሬ አያበዙም። አንዳንዴ ስለ አባቴ ማሳ ይጠይቁኝ ነበር፤ ምን ይዘራ እንደነበር፣ ውሃው ከየት ይመጣ እንደነበር። ከእሳቸው ሌላ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

አይረኖቻቸው አሮጌ ነበሩ። ከሥራቸው የተቀረጸው ቁጥር በጠጠር ተፍቆ በጣት ዳስሰው ካልሆነ አይነበብም። እትዬ ሰብለ ግን ዳስሰው አያውቁም። ዓይናቸውን ኳሱ የሚገባበት ጉድጓድ ላይ ከተተከለው ባንዲራ ሳይነቅሉ እጃቸውን ወደ ኋላ ይዘረጋሉ፤ እኔ አቀብላለሁ።

ወደ አራተኛው ሆል፣ ማለት አራተኛው ጉድጓድ፣ በሚወስደው ሜዳ ላይ ጅረት አለ። እትዬ ሰብለ ሁልጊዜ በሰባት ቁጥር ያሻግሩት ነበር። አንድ ክረምት ትከሻቸውን አመማቸውና ከዚያ ወዲህ ኳሱ ጅረቱ ውስጥ ይገባ ጀመር። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። በሦስተኛው ቀን ቦርሳውን አስቀምጥ ብለውኝ ሳይጨርሱ ወደ ቤት ሄዱ። በሚቀጥለው ዓርብ አይመጡም ብዬ ፈራሁ። መጡ። ጅረቱ ጋ ስንደርስ «ሰባት» አሉ። እኔ ስድስቱን ሰጠኋቸው። ኳሱ ተሻገረ። አረማመዳቸው ቀለል አለ።

እንዲህ እያልን ሁለት ዓመት ሄድን።

ከዚያ የወንድማቸው ልጅ ሙሉ አዲስ የአይረን ስብስብ ገዝቶ አመጣላቸው። ለትከሻ እንዲቀል ዘንጉ ብረት አልነበረም፤ ለሴት እጅ የተለካ ነው። ካልተስማማቸው በሳምንት ውስጥ ይመለሳል ተባለ። ማክሰኞ ዕለት ልንሞክር ከአሮጌዎቹ ጋር ይዘን ወጣን። ፕላስቲኩን እኔ ነኝ የላጥኩት። ቁጥሮቹ ትልልቅ ናቸው፤ በቀይ ቀለም ተሞልተዋል። በእነዚህስ አንዱን ቁጥር በሌላ ለውጬ ማቀበል አልችልም።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሆሎች በደንብ ተጫወቱ። ቀላል ነው፣ ትከሻዬን አልያዘኝም አሉ። አራተኛው ላይ አዲሱን ሰባት ጠየቁ፤ ሰባቱን ሰጠኋቸው። ጅረቱ ውስጥ ገባ። ሌላ ኳስ አስቀመጡ፤ እሱም ገባ። ሦስተኛውም።

አዲሱን አይረን መለሱልኝና የድሮውን ሰባት አምጣ አሉኝ። እጄ እንደለመደው ስድስቱን አቀበለ። ኳሱ ተሻግሮ ባንዲራው አጠገብ አረፈ።

እትዬ ሰብለ ተነፈሱ። አዲሱ አይረን አይረባም፣ የወንድሜ ልጅ ተታሏል፣ ዛሬውኑ ይመለስ አሉ። እኔ ዱላውን ይዤ ቆምኩ። ዝም ብል ትከሻቸውን የሚያሳርፈው ዕቃ ይመለሳል፤ ልጁም ሳያጠፋ እንዳጠፋ ይቆጠራል።

«እትዬ፣ አሁን የመቱበት ሰባት አይደለም» አልኳቸው። «ስድስት ነው።»

ተቀበሉኝና ከሥሩ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ረጅም ጊዜ ዳሰሱት።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሁለት ዓመት።»

«ለምን?»

«ጨዋታውን ይተዉታል ብዬ ፈራሁ።»

«ብተወውስ?»

«እኔ ከማን ጋር እሄዳለሁ?» አልኩ።

ፊታቸውን ወደ ጅረቱ አዞሩ። ከዚያ አዲሱን ስድስት እንድሰጣቸውና ቁጥሩን ጮክ ብዬ እንድጠራ አዘዙኝ። ጠራሁ። መቱ፤ ተሻገረ። እስከ መጨረሻው ሆል ድረስ ቁጥር እየጠራሁ አቀበልኳቸው።

አይረኖቹ አልተመለሱም። እኔን ግን ተዉኝ። ለአንድ ወር ሌላ ካዲ ይዘው ወጡ። ማክሰኞና ዓርብ የሌላ ሰው ቦርሳ ተሸክሜ ከሩቅ ነጭ ኮፍያቸውን እፈልጋለሁ። ስሰማው የኖርኩት የአመታታቸው ድምፅ የተለየ ነበር፤ ዛፍ ቢጋርዳቸውም አውቀው ነበር።

በወሩ መጨረሻ ጋሽ በየነ ጠሩኝ። እትዬ ሰብለ ቦርሳቸው አጠገብ ቆመዋል። «ያኛው ካዲ የጠራሁትን ይሰጠኛል» አሉኝ፤ «ነፋሱን ግን አያውቅም።» ቦርሳውን አነሳሁ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ሄድን። ስድስቱ አምስት ሆነ፣ አምስቱ አራት ሆነ። እያንዳንዱን አውቀው ጠየቁኝ። አንድ ጠዋት አራቱም ጅረቱ ውስጥ ሲገባ፣ ጅረቱ ዳር ድረስ ሄደው ሌላ ኳስ በእጃቸው ወርውረው አሻገሩና ሳቁ። ጉልበታቸው ሲብስ ቢሾፍቱ እህታቸው ጋ ገቡ። ለበዓል እደውላለሁ። መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ሳሩ ነው።

እኔም መሸከም ትቼ ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ በአንዲት ኮንቴይነር ውስጥ የጎልፍ ዱላ እጀታ እቀይራለሁ፤ አዲስ አይረን ለገዙ ሰዎችም ርዝመቱን አስተካክላለሁ። የታክሲ ረዳት እየጮኸ፣ መኪና ጡሩንባ እየነፋ እሠራለሁ። ማክሰኞ ጠዋት ሲሆን ግን እጄ ሥራ ይፈታል። እርጥብ ሳር ላይ ከፊቴ የሚሄደው ዱካ ይናፍቀኛል።

ሥራውን ለምትጀምሩ የምለው ይህ ነው። አዲስ አይረን የሚሞከረው ከአሮጌው ጋር በአንድ ቦታ፣ በአንድ ዓይነት ኳስ ነው። ኳሱ የደረሰበትን ርቀት ሳትቀንሱ፣ ሳትጨምሩ ንገሩ። ሰውየው ሊያዝን ይችላል። ቢያዝንም ንገሩት፤ ከዚያ ቦርሳውን ይዛችሁ አጠገቡ ቁሙ።