ደሟ ንጹህ ነው

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ባለፈው ሳምንት ጎንደር፣ ክሊኒክ ውስጥ ወረፋ ስንጠብቅ የልጅ ልጄ ሶስና ወደቀች። ጭንቅላቷን ደግፌ ያዝኩ። መንቀጥቀጧ እንዳቆመ ሐኪሙ ቶሎ ደም አስቀዳላት።

«እናቴ፣ የሚጥል በሽታ ሲነሳ ደም ውስጥ የሚጨምር ነገር አለ፤ ከቆየን ይጠፋብናል» አለኝ። «ብቻውን አይፈርድም፤ ግን ይረዳናል።»

ብልቃጧ ስትሞላ እያየሁ ያደግኩባት የቆላ መንደር፣ ሽንፋ፣ ትዝ አለችኝ።

ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ኅዳር፣ የሰሊጥ አጨዳ። ታስሮ እንዲደርቅ የሚቆመውን ነዶ ሂላ እንለዋለን፤ ከሩቅ ሲያዩት የተሰለፈ ሰው ይመስላል። እስከ ዛሬ አልወደውም። በቆላ ቀትር ላይ ነፋስ እንኳ ጸጥ የሚልበት ሰዓት አለ። የማሽላ እንጀራ በባሚያ ወጥ እየበላን ሳለ ታናሽ እህቴ የሺ፣ የሰባት ዓመት ልጅ፣ ጉርሻዋን በአፏ እንደያዘች ወደ አንዱ ሂላ አፍጥጣ ቀረች።

«እዚያ የቆመችው ማናት?» አለች።

ማንም አልነበረም። ወዲያው ወደቀች።

ላነሳት ስሮጥ አባቴ ነጠላዬን ጎትተው አስቀሩኝ። «አትንኪያት! አረፋው ይጋባብሻል!» ከጎጃም የመጡት አጫጆች ከብበው ቆሙ፤ አንዱ ክብሪት ጭሮ ጭሱን አሸተታት። አንድም እጅ አልነካትም። የኔም።

አባቴ የሺን ይወዷት ነበር። በትራክተር ተሳቢ ጭነው ጤና ጣቢያ ወሰዷት። ባለሙያው ጣቷን ወግቶ በማይክሮስኮፕ አየና «ወባ የለባትም፤ ደሟ ንጹህ ነው። ለሌላ ምርመራ ጎንደር ውሰዷት» አለ። አባቴ «ንጹህ ነው» የሚለውን ብቻ ሰሙ። በኛ አገር የሚያንቀጠቅጥ ወባ ነው፤ ወባ ካልሆነ የቀትር ጋኔን ነው።

«ደሟ ንጹህ ከሆነ የሐኪም ነገር አይደለም» ብለው ይዘዋት ተመለሱ። ያንን ሂላ የሚያራግፍ ጠፋ፤ ሰሊጡ እዚያው ረገፈ።

ጥር ላይ ወንዙ ጎድሎ፣ እኔ ልብስ ሳጥብ የሺ ከቁርጭምጭሚት በማያልፍ ውሃ ትጫወት ነበር።

«መጣች» አለችኝ፤ በግንባሯ ተደፋች። እኔ «አትንኪያት» የተባልኩት ትዝ ብሎኝ ቆምኩ። ብዙ አልቆምኩም። ለእሷ ግን በዛ።

ሐኪሙ የሶስናን ውጤት ይዞ መጣ። ደሙም፣ ያየው አወዳደቅም አንድ ነገር ይላሉ፤ የሚጥል በሽታ ነው፣ መድኃኒት አለው አለኝ። አለቀስኩ። ሶስና ዓይኗን ገልጣ ከኋላዬ ወዳለው ግድግዳ አየች።

«እምዬ፣ እዚያ የቆመችው ማናት?»

ይህም ከሕመሙ ነው ይላል ሐኪሙ፤ አምነዋለሁ። ዞሬ ግን አላየሁም። የሶስናን እጅ አጥብቄ ያዝኩ። የሺ ከሆነችም ትየኝ፤ ዛሬስ ይዣለሁ።