በፌስታል የታሰረ ቁስል

ዋጋነሽ ጠዋት ጠዋት ቦቲ ጫማዋን ከማጥለቋ በፊት አንድ የአሞክሳሲሊን ካፕሱል ከፍታ ዱቄቱን ግራ እግሯ ላይ ባለው ቁስል ላይ ትነሰንሳለች። ከዚያ በጨርቅ፣ ከጨርቁ ላይ ደግሞ በፌስታል ጥብቅ አድርጋ ታስረዋለች። ቆሼ የቆሻሻ ክምር ላይ ፕላስቲክ እየለቀመች የምትኖር ሴት ቁስሏን ክፍት ልትተወው አትችልም። ሚስማሩ የጫማዋን ሶል በስቶ ከወጋት ወዲህም ሥራ አላቋረጠችም፤ ቆማ ካልዋለች የምትበላው የለም።

ቁስሉ መሽተት ሲጀምር አላወቀችም። ቆሼ የዋለ አፍንጫ ሽታ ከሽታ አይለይም። ያወቀችው እሑድ ጸሎት ቤት ውስጥ ነው። አጠገቧ የተቀመጠችው ጎረቤቷ ቦንቱ በመዝሙሩ መሃል ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች።

«ዋጌ፣ የሞተ አይጥ ይዘሽ ነው እንዴ የመጣሽው?»

«ታጥቤ ነው የመጣሁት።»

«እንግዲያው ያጠብሽው አይጡን ነው። እስቲ እግርሽን አሳዪኝ።»

ውጭ ወጥተው ፌስታሉ ሲፈታ ቦንቱ መቀለዷን ተወች። ሁለቱ ትናንሽ ጣቶች ጠቁረዋል።

በማግስቱ ሆስፒታል ወሰደቻት። የተቀበላቸው ዶክተር አምሐ የሚባል ወጣት ነው።

«በፌስታል ማን አሰረልዎ?»

«ራሴ። ቆሻሻ እንዳይገባበት ብዬ።»

«ቆሻሻውማ ከሚስማሩ ጋር ገብቷል። አየር ሲያገኝ የሚሞት፣ ሲታፈን የሚራባ ባክቴሪያ አለ። እርስዎ አፍነው አመቻቹለት።»

«መድኃኒትም እኮ አድርጌበታለሁ።»

«የሚዋጥ ነው እሱ። ላዩ ላይ ቢነሰንሱት ወደ ውስጥ አይደርስም።»

ከቁስሉ በመርፌ የተቀዳው መግል ላቦራቶሪ ሄደ። ምንም ባክቴሪያ አልበቀለም የሚል መልስ መጣ። የዋጋነሽ ፊት በራ።

«ስለዚህ የለም ማለት ነው?»

«አለ። ያለ አየር የሚኖረውን ማሳደጊያ መሣሪያ ስለሌለን ነው ያልበቀለው። ካልበቀለ ደግሞ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው መፈተን አንችልም። በግምት ነው የምንሰጥዎ።»

ሜትሮኒዳዞል ከሌላ መድኃኒት ጋር በደም ሥሯ ተሰጣት። ትኩሳቱ ወረደ፣ ተመልሶም ወጣ። ጥቁረቱ ከጣቶቿ አልፎ ወደ እግሯ መሃል መጣ። ዶክተሩ የጠቆረው መቆረጥ እንዳለበት ነገራት።

«ቆሜ መሥራት እችላለሁ?» አለች።

«እስከ እግርዎ መሃል ብቻ ከሆነ ይችላሉ። ከዚያ ማለፉን ግን ሲከፈት ነው የምናየው።»

«ሌላ ሥራ አይጠፋም» አለች ቦንቱ።

«እስቲ አንድ ጥሪልኝ።»



ነገ ጠዋት ዋጋነሽ ቀዶ ጥገና ክፍል ትገባለች። ሐኪሞቹ ከጣቶቿ ጀምረው ጤነኛ ሥጋ እስኪያገኙ ድረስ ይቆርጣሉ።