ዓይኔ ውስጥ ጋዝ፣ ደሴ ተራራ ላይ

ያን ቀን የሠራሁት ሞኝነት የሰው ራስ መምታት ነበር። መካ፣ ዓዚዚያ ውስጥ፣ ሐጃጆች ባረፉበት ሕንፃ በር ላይ ሻንጣ እጠብቃለሁ። ከፊቴ አንድ ወፍራም ሐጃጅ ወንበር ላይ ያንቀላፋል። ሐጁን ጨርሶ ራሱን ገና መላጨቱ ስለሆነ ያብረቀርቃል። በዚያ መላጣ ላይ አንዲት ጥቁር ዝንብ ስትንቀሳቀስ አየሁ። ደግ ልሥራ ብዬ ጋዜጣዬን ጠቀለልኩና ጠፍ አደረግኋት። ሰውየው "ያ ሸይኽ!" ብሎ ከወንበሩ ዘለለ። ይቅርታ እየለመንኩት ሳለ ዝንቧ ከራሱ ተነሥታ ነጩ ግድግዳ ላይ አረፈች። ቀጥሎ ደረቱ ላይ። ዓይኔን ወደመለስኩበት ሁሉ ትከተለኛለች። ዝንቧ የነበረችው ዓይኔ ውስጥ ነው።

ይህን የምጽፈው እንዲህ ያለች ዝንብ ለምታዩ ሰዎች ነው። ቀኝ ዓይኔ ከዓመታት በፊት በግላኮማ ጠፍቷል፤ የቀረኝ ግራው ብቻ ነው። አንድ ዓይን ያለው ሰው ዝንቧን እንዳየ ወደ ሐኪም መሮጥ ነበረበት። እኔ ግን የሥራ ወቅት ነው ብዬ በዘምዘም አጠብኩትና ተኛሁ። በማግስቱ ከጎን በኩል ብልጭ ብልጭ ይል ጀመር። የሐጃጆች ካሜራ ነው አልኩ። ከዚያ በአፍንጫዬ በኩል ጥላ መጣ። አሸሁት። አልሄደም። ሰፋ።

ኗሪነቴ ጂዳ፣ ሰቢል ነው፤ የአንድ አሮጌ ሕንፃ ሐሪስ፣ ማለትም ዘበኛ ነኝ። በሐጅ ወቅት ግን መካ ሄጄ የሐጃጆችን ሻንጣ እጠብቃለሁ። ተከራዮች ቤት ሲለቁ ጥለው የሚሄዱትን መጽሐፍ እሰበስባለሁ። ከሁሉ የምወደው ስለ በረራ ፊዚክስ ለተራ ሰው በዐረብኛ የተጻፉትን ነው። ሊፍት የሚጠብቅ ሁሉ የአውሮፕላን ክንፍ እንዴት እንደሚያነሣ ከእኔ ሳይሰማ ወጥቶ አያውቅም። ብዙዎቹ በኋላ በደረጃ መውጣት ጀምረዋል።

ያን ሰሞን ትኬት ቆርጬ ነበር። ታላቅ እህቴ ሉባባ ደሴ ውስጥ በኩላሊት ሕመም ተኝታለች። እናታችን በልጅነቴ ስለሞተች ያሳደገችኝ እሷ ናት። "ኑሩ፣ ፊትህን ሳላይ አልሂድ" ብላኛለች በስልክ። የሐጁ ሥራ እንዳለቀ ልሳፈር ነበር።

ጂዳ ሐኪም ቤት ስደርስ ጥላው የዓለምን ግማሽ ወስዶታል። ሐኪሟ ሱዳናዊት ናት። በመብራት አየችኝ። ደግማ አየችኝ።

"ሬቲናዎ፣ ከዓይን ጀርባ ያለው ስስ ሽፋን፣ ተቀዶ ከዓይኑ ግድግዳ ተላቅቋል" አለች። "መሃሉ፣ ማኩላው፣ መነካት ጀምሯል። ዛሬውኑ ይገባሉ።"

"እድናለሁ?"

"አላውቅም።"

ቀዶ ጥገናው ቪትረክቶሚ ይባላል። ዓይን ውስጥ ያለውን ዝልግልግ ፈሳሽ ያወጡና በቦታው ጋዝ ይሞላሉ። ጋዙ ወደ ላይ ስለሚንሳፈፍ ታካሚው በግንባሩ ተደፍቶ ይከርማል፤ ያን ጊዜ ጋዙ ሬቲናውን ወደ ቦታው ይጫነዋል። በጨለማ ነቃሁ። ፋሻ ነበር። ፋሻው ሲነሣም ጨለማው ብዙ አልተለወጠም።

ሐኪሟ እጄ ላይ የፕላስቲክ አምባር አሰረችልኝ። "ጋዙ እስኪጠፋ አውሮፕላን የለም። ጣኢፍ ተራራ ላይ እንኳ አይውጡ። ከፍታ ላይ ጋዙ ያብጣል፤ የዓይንዎ ግፊት ይጨምራል፤ ያሳውርዎታል።"

"እስከ መቼ?"

"ሳምንታት ነው። ሁለት ወርም ሊሆን ይችላል።"

"ዶክተር፣ አውሮፕላን እኮ የታሸገ ነው። ውስጡ ያለው አየር እንደ መሬቱ ነው። መጽሐፍ አለኝ።"

"መጽሐፉን ጨርሰውታል?"

አልጨረስኩትም። የክንፉን ምዕራፍ ደጋግሜ አንብቤ፣ ሰው ፊት የሚያኮራውን ይዤ የቀረሁ ሰው ነኝ።

ዕድሜዬን ሙሉ ሱጁድ ሳሳጥር ኖሬ፣ አሁን ሌት ተቀን ግንባሬን ትራስ ላይ ደፋሁ። የበላሁት ተደፍቼ፣ የተኛሁት ተደፍቼ ነው። ሰውን የማውቀው በእግሩ ሆነ። ማታ ማታ ለሉባባ እደውላለሁ። የመላጣውን ሐጃጅ ነገር ስነግራት እስክትስል ድረስ ሳቀች። "አንተ እኮ ከልጅነትህም እጅህ አያርፍም" አለችኝ። ትኬቱ እንደተላለፈ ነገርኳት። ለምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም። "ዓይንህን ጠብቅ" ብላ ስልኩን ዘጋች።

የሚያስታምመኝ ሰው ዘይነባ ነበረች። የወሎ ልጅ ናት፤ እኔ በምጠብቀው ሕንፃ አንድ ቤት ውስጥ ሠራተኛ ሆና የመዳሟን ልጆች የቤት ሥራ ስታሠራ ዐረብኛ ማንበብ ለምዳለች። ጁምዓ እረፍቷ ነው። ሾርባ ይዛ መጣች።

"ስለ ካቢኑ አየር የሚለውን ፈልገሽ አንብቢልኝ" አልኳት። መውጫ ቀዳዳ ፍለጋ ነው።

"መጽሐፍ ከመሃል ይጀመራል እንዴ? አንቱ ደሞ!" ብላ ከክንፉ ጀመረች። ጥቂት አንብባ ቆመች። "ሐጂ፣ አንቱ ከላይ የሚሄደው አየር ከታች ካለው ጓደኛው ጋር እኩል ሊደርስ ይሮጣል እያሉ አልነበር የሚያስተምሩን?"

"አዎ፣ ለዚያ ነው የሚነሣው።"

"ውሸት ነው ይላል። ከላይ ያለው ቀድሞ ይደርሳል፣ ጓደኛውንም አይጠብቅ። ክንፉ አየሩን ወደ ታች ሲገፋው አየሩ ደግሞ ክንፉን ወደ ላይ ይገፋዋል ነው የሚለው።"

ሰቢልን በሙሉ ለዓመታት ስዋሽ ኖሬያለሁ ማለት ነው። ተደፍቼ ስለነበር እፍረቴን ያየው ወለሉ ብቻ ነው።

በሌላው ጁምዓ ካቢኑ ጋ ደረሰች። ካቢኑ እንደ ባሕር ዳርቻ አየር አይሞላም፤ ውስጡ ያለው ግፊት ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ተራራ ላይ እንዳለች ከተማ ነው። ሁለት ጊዜ አስነበብኳት። ሦስተኛ አልጠየቅኋትም። ተራራ ላይ ያለችውን ከተማ አውቃታለሁ። ደሴ ከዚያም ትበልጣለች።

አውሮፕላኑ ብቻ አልነበረም የተከለከልኩት። በመርከብ ተሻግሬ፣ በመኪና ብሄድ እንኳ፣ ኮምቦልቻን አልፌ ዳገቱን ስወጣ ዓይኔ ውስጥ ያለው ጋዝ ያብጣል። የእህቴ ቤት ራሱ ያሳውረኛል። የተማርኩት ፊዚክስ ይህን ብቻ አስረዳኝ፤ ምንም አላደረገልኝም።

ቀጥሎ የመጣው ጁምዓ የዘይነባ እግር በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ጫማዋን ለማውለቅ ረጅም ጊዜ ወሰደች። ያን ቀን ድምፅዋ እየተቆራረጠ አነበበች። ከዚያ ወዲያ ለሉባባ ስደውል ስልኩ አይነሣም። ዘይነባ "ወሎ ኔትወርክ የለም" አለችኝ። አመንኳት። ማመን ፈልጌ ነው።

ቀና እንድል ተፈቀደልኝ። ጋዙ በዓይኔ ውስጥ ብርጭቆ ውስጥ እንዳለ ውኃ እየተናወጠ ታየኝ፤ ሐኪሟ ወደ ላይ ተንሳፍፏል ብትለኝም ለእኔ የሚታየኝ ከታች ነው። መስመሩ በየቀኑ ዝቅ አለ። የምስር ፍሬ አከለ። አንድ ጠዋት የለም። ሐኪሟ አይታ አምባሩን ቆረጠችው። "አሁን መብረር ይችላሉ" አለች።

ለዘይነባ ደውዬ ደስታዬን ነገርኳት። "ነገ እመጣለሁ" ብላ ዘጋች። በማግስቱ ንጋት ላይ ፈጅር ተሰግዶ ሳያበቃ ከሁለት የወሎ ሽማግሌዎች ጋር መጣች። ገና ሲገቡ አወቅሁ። በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ የሚመጣ መርዶ ነው። ሉባባ ከሞተች አርባዋ እየደረሰ ነበር።

"ለምን ደበቅሽኝ?" አልኳት።

"ቢነገርዎ ይሳፈሩ ነበር።"

እውነቷን ነው። እሳፈር ነበር።

የተረፈልኝን ዓይን ለብዙ ቀን ጠላሁት። ያየው ነገር ሁሉ እሷ የሌለችበት ነበር። አላህ ይርሐማት። ሐኪም ቤት ክትትል ስሄድ ሐኪሟ "ሬቲናው ይዟል፣ አልሐምዱሊላህ" ስትለኝ አሜን ያልኩት ከአፌ ብቻ ነው። ዛሬም ቢሆን ደኅና ነኝ ብዬ አልዋሻችሁም፤ ሰሌዳ እለያለሁ፣ የሊፍቱን ቁልፍ ሳልሳሳት እጫናለሁ፣ መንገድ ስሻገር መኪናውን አየዋለሁ፣ ነገር ግን የመጽሐፍ መስመር መሃሉ ላይ እንደ ጎበጠ ገመድ ይረግብብኛል፣ የሰው ፊትም አፍንጫው ጋ ትንሽ ይጣመማል፤ እንደ እኔ ላለ ሰው በመነጽር ይህን ያህል ማየት መሻሻል ነው ይሉኛል።

አመሰግናለሁ፤ ሐኪሟን፣ "አላውቅም" ማለት ስለምትችል። ዘይነባንም፣ ያን ሁሉ ጁምዓ መርዶ በሆዷ ይዛ ስለ ክንፍ ስላነበበችልኝ። ለእናንተ ደግሞ፦ ዓይናችሁ ላይ ድንገት ዝንብ ወይ ብልጭታ ከመጣ ጋዜጣ አትጠቅልሉ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ጋዝ ከተሞላላችሁ አገራችሁ ደጋ መሆኑን ለሐኪሙ ንገሩ፤ እሱ አውሮፕላኑን ያውቃል እንጂ ሰፈራችሁን አያውቅም። በሩቅ የታመመ ሰው ካላችሁ ደግሞ ቶሎ ደውሉ፣ ረጅም ጊዜም አውሩ።

ዘይነባ አሁን ሥራ ቀይራ መካ ገብታለች፤ ጁምዓም እረፍት የላትም። መጽሐፉን ያቆመችው የማረፊያው ምዕራፍ ላይ ነው፤ አውሮፕላን እንዴት እንደሚያርፍ ሳታውቅ ሄደች። በተራዬ አንብቤ ድምፄን በስልክ ቀድቼ ልልክላት ቃል ገብቻለሁ። መስመሩ እየረገበብኝ በቀን ከአንድ አንቀጽ አልፌ አላውቅም። ትናንት "ሐጂ፣ አላረፍንም እንዴ?" ብላ ላከችልኝ። ዕዳዬ ነው። ገና የማረፊያው ጎማ አልወጣም።