አጣቢውና መስመሯ የጠፋባት ዳዮድ

ሰፈሩ ሬዲዮ ጠጋኙን «አጣቢው» ይለዋል። ከአሮጌ ዕቃ የፈታትን እያንዳንዷን ቅንጣት በአልኮል ሳያሽ ቆርቆሮው ውስጥ አይጨምርም። ሙያውን ያገኘው ከተቀዳደዱ መጻሕፍትና ከእግዚአብሔር ቸርነት ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ታላቅ እህቱን ጫጩት መፈልፈያ ሳጥኗ አጠገብ፣ በርጩማ ላይ አገኛት። መቶ ሃያ እንቁላል ሊፈለፈል ሦስት ቀን ቀርቶታል። እሱ የሠራላት የሙቀት መቆጣጠሪያ ለሁለተኛ ጊዜ ስለተቃጠለ ቴርሞሜትሩን እያየች የሚያሞቃቸውን አምፖል በእጇ ታበራለች፣ ታጠፋለች።

«እትዬ፣ ደከመሽ?»

«እኔማ ሪሌ ሆኜልሃለሁ። ካንቀላፋሁ ግን ወይ ይቀቀላሉ፣ ወይ ይበርዳቸዋል።»

መቆጣጠሪያውን ፈታው። አምፖሉን የሚያበራውና የሚያጠፋው ሪሌ ደህና ነው፤ የተቃጠለችው እሱን የምታዘው ትንሿ ትራንዚስተር ናት።

«መቼ ነው የቆመው?»

«ቀጭ ብሎ ሲያጠፋ። የመጀመሪያውም ጊዜ እንደዚሁ ነበር።»

ገባው። የሪሌው ጥቅል ሽቦ ኤሌክትሪክ ድንገት ሲቋረጥበት ያጠራቀመውን ጉልበት መልሶ ይወረውራል፤ ምቱም ትራንዚስተሯ ላይ ያርፋል። በጥቅሉ ሁለት ጫፎች ላይ ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የምታሳልፍ ዳዮድ ብትታሰር ያ ጉልበት በእሷ በኩል እዚያው ዞሮ ይሞት ነበር። አንብቦታል፤ ሲሠራ ግን «ያለሷም ይሄዳል» ብሎ ዘለላት።

ኪሱ ውስጥ ሁለት ትራንዚስተር ነበረው። አንዷን ተከለ፤ ከቆርቆሮውም ዳዮድ አውጥቶ በየደ። ሶኬቱን እንደሰካ ትራንዚስተሯ ጨሰች።

«ተሻሽሏል» አለች እህቱ። «ድሮ ሲያጠፋ ነበር፤ አሁን ገና ሲያበራ ሆነ።»

ዳዮዷን በአጉሊ መነጽር አያት። ከመታጠቧ ብዛት ታብለጨልጫለች፤ አቅጣጫዋን የሚነግረው ነጭ መስመር ግን የለም። በተቃራኒው ስለታሰረች ኤሌክትሪኩ ጥቅሉን ትቶ በእሷ በኩል ትራንዚስተሯ ላይ ወርዷል።

«እትዬ፣ መስመሯን አጥቤ አጥፍቼዋለሁ።»

«ልጅ ሆነህም ደብተርህን አጥበህ የቤት ሥራህ ጠፍቶ ነበር። ምን ይገርማል?»

ሳቀ። የቀረችው ትራንዚስተር አንዲት ናትና አልቸኮለም። ሌላ ዳዮድ በኤሌክትሪክ መለኪያ ለክቶ በየት በኩል እንደምታሳልፍ አወቀ፤ ጫፏ ላይ በእህቱ ቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት አደረገባት። ከመጨረሻዋ ትራንዚስተር ጋር በየዳት። በልቡ አጭር ጸሎት አድርሶ ሰካው።

ቀጭ፤ በራ። ሁለቱም አጠፋፉን ጠበቁ። ቀጭ፤ ጠፋ። እንደገና በራ።

ሦስተኛውን ቀጭታ እህቱ አልሰማችም፤ ግድግዳውን ተደግፋ እንቅልፍ ወስዷታል። እሱ ቴርሞሜትሩን እያየ እስከ ቀትር ተቀመጠ፤ መርፌው ከቦታው አልተነቃነቀም። «ተመስገን» አለ በለሆሳስ፤ እንዳይቀሰቅሳት በእግሩ ጣት እየረገጠ ወጣ።

የጥፍር ቀለሙን ግን ቆርቆሮው ውስጥ ላሉት ዳዮዶች ብሎ ኪሱ ከቶት ሄዷል።