ሳላይ አልፈርምም

አጎቴ ካረፉ ዛሬ አርባ ቀናቸው ነው። ሱዳን፣ ቱነይድባ የስደተኞች ካምፕ ራሽን ስንቀበል ጆንያውን አስፈትተው ማሽላውን በእጃቸው ካላገላበጡ አይፈርሙም ነበር። “ሳላይ አልፈርምም” ይላሉ። ከኋላችን የተሰለፈው ሰው “ያላ፣ ጋሼ! ፀሐዩ ጨረሰን እኮ!” እያለ ሲጮህ እኔ በኀፍረት አንገቴን እደፋለሁ።

ምክንያቱን የነገሩኝ ገዳሪፍ ሆስፒታል ሳስታምማቸው ነው። አገር ቤት እያሉ ለጦሩ የሚገዛውን መሣሪያ እየመረመሩ የሚረከቡት እሳቸው ነበሩ።

“አንድ ጊዜ ጥይት መጣ” አሉኝ። “የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ነው፣ ዛሬ ካልፈረምክ የውሉ ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል ብለው አጣደፉኝ። ሳጥኖቹን ሳላስከፍት ፈረምኩ። አብዛኛው የማይተኮስ ሆኖ ተገኘ።”

“ለየትኛው ጦር ደረሰ?” አልኳቸው።

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። “አባትሽ ለነበረበት።”

አባቴ ከዚያ ግንባር አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ ያሳደጉኝ፣ ድንበሩንም እጄን ይዘው ያሻገሩኝ እሳቸው ናቸው። ውሃ ላምጣ ብዬ ወጣሁ። ስመለስ እንቅልፍ ወስዷቸዋል፤ በዚያው አልነቁም።

ይቅር ብያቸው እንደሆነ እኔም አላውቅም። ካምፑ ውስጥ ያለው አልጋቸው እንደተነጠፈ ነው፤ ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው ሊቀመጥበት ሲል ግን “እዚያ አይሁን” እላለሁ።