እናሰፋዋለን

አባቴ ሽንት ቤት ከገቡ ቶሎ አይወጡም ነበር። በር ላይ ቆመን «ምነው ቆዩ?» አንልም፤ ነውር ነው። ከዓመታት በፊት ለሌላ ሕመም ተኝተው ሳሉ የገባላቸው የሽንት ቱቦ ውስጣቸውን አቁስሎ፣ ቁስሉ ሲድን ጠባሳው መውጫውን አጠበበው። ሲያምጡ ቆይተው የምትወጣው ክር የምታህል ናት። ጨረስኩ ብለው ሲነሱ ደግሞ ልብሳቸው ላይ ጠብ ትላለች።

ለሌላ ሰው ይህ ሕመም ብቻ ነው። አባቴ ግን መካነ ሰላም ከተማ ዳር ባለችው ትንሿ መስጂዳችን የሚያሰግዱ፣ ለደረሳ ተማሪዎች ቁርኣን የሚያቀሩ ሰው ናቸው። ያቺ ጠብታ ለሰላት የታጠቡትን ውዱእ ታፈርስባቸዋለች። ሽንቱ አልቋረጥ ላለው ሰው ለየሰላቱ ውዱእ አድርጎ መስገድ እንደሚበቃው ለስንቱ ያስተማሩት ራሳቸው ናቸው። ለእሳቸው ሲሆን ግን «የሰው ሰላት በእኔ እንዲበላሽ አልፈልግም» ብለው ማሰገዱን ተዉ። ከኋላ፣ ጫማ ከሚወለቅበት አጠገብ መቆም ጀመሩ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄን ዘግቼ ደሴ ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሽንት የሚያስቸግራቸው ሽማግሌ ይዞ በሚኒባስ መሄድን ግን አላህ ለጠላትም አይስጥ። በየኩርባው ሾፌሩን አስቆማለሁ፤ ይወርዳሉ፣ ምንም ሳይወጣቸው ይመለሳሉ፣ ተሳፋሪው ያጉረመርማል።

ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ የአዲስ አበባ ልጅ መሆኑ ከአነጋገሩ ያስታውቃል። «አባባ፣ አይስጉ። ሆድዎን አንከፍትም። በቀጭን ካሜራ በራሱ በሽንት መውጫው ገብተን እናሰፋዋለን» አላቸው። አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም እፎይ አልኩ።

በማግስቱ ተራቸው ሲጠራ ጋቢያቸውን ተከናንበው «ተነስ፣ አገራችን እንግባ» አሉኝ። ለመንኳቸው፣ ተቆጣሁም፤ ወይ ፍንክች። «ምክንያቱን እንኳ ይንገሩኝ» ስላቸው «ሱብሃነላህ! ለልጅ የማይነገር ነገር አለ» ብለው ዘጉኝ። በዚያው መንገድ፣ በየኩርባው እየቆምን ተመለስን።

ከዚያ በኋላ ባሰባቸው። ውሃ መጠጣት ፈሩ። ቀን ቀን ሱቄ መጥተው አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ፤ እኔ እሰፋለሁ፣ እሳቸው የሙስበሃቸውን ዶቃ ይቆጥራሉ። ሁለታችንም ደክሞናል። አንድ ቀን ከከላላ የመጣ ደንበኛ ሱሪ ወርውሮልኝ «ወገቡን አስፋልኝ፣ ጠቦኛል» አለና ወደ ገበያው ሄደ። ምላጭ አንስቼ ስፌቱን መተርተር ጀመርኩ።

«አስፋልኝ አይደል እንዴ ያለህ? ምነው ትተረትረዋለህ?» አሉ አባቴ።

«ጠቦታላ። ሳልተረትረው እንዴት ይሰፋል?»

ሙስበሃው እጃቸው ላይ ቆመ።

«ያ ሐኪም እናሰፋዋለን ያለው… ይህን ነው?»

«ታዲያ ምን መስሎዎት ነበር?»

«መርፌና ክር ነዋ! ልብስ ሰፊ ቢለኝ ይገባኝ ነበር። ሐኪም ቤት ግን ሌላ ምን ማስፋት አውቃለሁ? መጥረቢያ እግሬን የቆረጠኝ ጊዜ አይደል የሰፉኝ? ይህችኑ የቀረችኝን ቀዳዳ ሊደፍኑብኝ ነው ብዬ…»

ሳቄ መጣ፤ እንባዬም መጣ። ሁለቱም ፍቺው እንጀራዬ የሆነ ቃል ነው፤ ከሐኪም አፍ ሲወጣ ግን ጆሮዬን እንኳ አልኮረኮረኝም። «እርስዎም ጋ እንዲሁ ነው። የጠበበውን ነው የሚተረትሩት» አልኳቸው። ሱሪውን አገላብጠው አዩት።

«በል ሱቅህን ዝጋ» አሉኝ።

ደሴ ተመለስን። ከወገባቸው በታች አደንዝዘው፣ በካሜራው እያዩ ጠባሳውን ከውስጥ ቆረጡላቸው። ከጠበቅኩት ፈጥኖ አለቀ። ለጥቂት ቀን ቱቦ ይዘው ሰነበቱ። ቱቦው የወጣ ዕለት እኔ ነውሩን ትቼ ከሽንት ቤቱ በር ላይ ጆሮዬን ሰጠሁ። ሽንታቸው ሲወርድ ሰማሁ፤ ቀጥሎ «አልሃምዱሊላህ» አሉ። ሐኪሙ ግን ጠባሳው ተመልሶ ሊያጠበው እንደሚችል፣ ሽንታቸው ከቀጠነ ሳይዘገዩ እንዲመጡ አስጠነቀቀን።

ቤት ከገባን በኋላም ቶሎ አላመኑትም። ልብሳቸው ደርቆ እየዋለ መሆኑን ደጋግመው አዩ። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ለአስር ሰላት ውዱእ አድርገው ወደ መስጂዱ መጡ። ጫማቸውን አወለቁና እዚያ ይቆማሉ ስል በመካከላችን አልፈው ፊት ቆሙ።

«ሶፉን አስተካክሉ» አሉ ሰልፋችንን አይተው። ዞር ብለው ከሰው ሁሉ መሐል እኔን አዩኝ። «ጠጋ ጠጋ በሉ። መሐሉን አታስፉት።»

ሳቄን ሳፍን ትከሻዬ ሲንቀጠቀጥ ከጎኔ የቆመው ሰው የታመምኩ መስሎት ክንዴን ያዘኝ።